አንዲት የተዘለለች ቃል

በክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። መርማሪው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ጸሐፊው በመስኮቱ ሥር፤ ጠመንጃ የያዘው ፖሊስ በሩን ተደግፎ ቆሟል። እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ፤ ሌላ ወንበር አልነበረም።

መካነ ሰላም ላይ በታሰርሁ በዘጠነኛው ቀን ነው። ሌላ ሴት እስረኛ ስላልነበረች ያስቀመጡኝ የማዳበሪያ መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነው። ሽታው ነጠላዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከወንዶቹ ክፍል፣ አንድ ሸህ ጠዋት ጠዋት መታ መታ ያደርጉና "አብሽሩ፣ እትዬ" ይሉኝ ነበር። መልካቸውን አላየሁም። በሰባተኛው ቀን ወደ ደሴ ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያናግረኝ አልነበረም።

የተያዝሁት ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ በተጠራ ስብሰባ ላይ በተናገርሁት ነው። የውጭ ፖሊሲ የፌዴራሉ ሥልጣን መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከጎረቤት አገር ጋር ውል ሲፈረም ክልሎችም ይጠየቁ፣ በውጭ ግንኙነት ድርሻ ይኑራቸው አልሁ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ክልሎች የምትለዋን ዘሎ "የውጭ ግንኙነት እንዲኖራቸው ጠየቁ" ብሎ ጻፈ። ለዕድሜዬ ብሎ አንቱ ስላለኝ "እንዲኖራቸው" የተባለው ለእኔ መሰለ፤ ግንኙነቱ የእኔ ሆነ።

ከተፈታሁ በኋላ፣ ዛሬም ስብሰባ ስገባ ጎረቤቶቼ አንድ ወንበር ዘለው ይቀመጣሉ። አልቀየማቸውም።

መርማሪው ከየትኛው አገር ጋር እንደምገናኝ ጠየቀኝ። ከመካነ ሰላም አልፌ የሄድሁት ደሴ ለሕክምና ብቻ ነው አልሁት። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ሳቁን ዋጠ።

"እናቴ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ" አለኝ መርማሪው፣ አንድ ወረቀት ወደ እኔ እየገፋ።

ወረቀቱን አነበብሁት። ያው ዓረፍተ ነገር ነው፣ እንዳለ ተገልብጧል። እስክርቢቶውን ተቀብዬ ከመስመሩ በላይ "ክልሎች" ብዬ ጻፍሁና ከሥሩ ፈረምሁ።

"አበላሹት እኮ። ይህ ወደ በላይ አይላክም። ሌላ ይጻፋል፤ እንዳለ ይፈርማሉ፣ አለዚያ እዚሁ ነዎት።"

"ሌላም ቢጻፍ ያችን ቃል እጨምራለሁ።"

መርማሪው ለፖሊሱ በአገጩ ምልክት ሰጠው፤ በሩ ተከፈተ። ከኮሪደሩ በስተቀኝ የግቢው መውጫ ነው፣ በስተግራ መጋዘኑ። ፖሊሱ አቅጣጫውን ሳያሳየኝ ወደ ግራ ታጥፌ ሄድሁ።