ግማሹ የጠፋ ዘፈን ፍለጋ፣ ከቦሌ እስከ ለሚ ኩራ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቦሌ ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ ሽፋኑ የጠፋ አንድ ካሴት ይዤ ነበር። የወንድሜ የታምራት ነው። ከቀበርነው ሁለት ወሩ። ካሴቱን አብረውት ያዳምጡ የነበሩት የሥራ ባልደረባው ጋሽ ሽፈራው ለሚ ኩራ ነው የሚኖሩት፤ ከማውቃቸው ሰዎች የሚሠራ ቴፕ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። የምሄደው ላዳምጥ ነው። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ያበላሸሁትን ለማየት ነው።

በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ጌታን በተቀበልኩ ሰሞን፣ ቤት ያገኘነውን ዓለማዊ ካሴት በመዝሙር መሸፈን እኔና የኳየር ጓደኞቼ እንደ አገልግሎት ነበር የምንቆጥረው። ኦሪጅናል ካሴት እንዳይቀዳበት አናቱ ላይ ቀዳዳ አለው። እኔ በማስቲካ ወረቀት ደፈንኩትና ታምራት ካቆመበት ጀምሬ እስከ መጨረሻው መዝሙራችንን ቀዳሁበት። ሲያውቅ ምንም አላለኝም። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

መገናኛ

ሰው እንደ ጉድ ነው። ሙዝ ገዝቼ የአያት ታክሲ ሰልፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ካሴቱን ከቦርሳዬ ሳወጣው አይታ፣
«እንዴ፣ ቪንቴጅ! አይሸጡልኝም? ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው» አለችኝ።
«ቆይ እንጂ፣ ገና አልሰማሁትም» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ።

ጉርድ ሾላን አልፈን፣ ከአያት ወዲያ አቧራውና ያላለቀው ሕንፃ ተቀበለን።

ለሚ ኩራ፣ አምስት ሰዓት

ጋሽ ሽፈራው አራተኛ ፎቅ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።
«አስቱ! ይሄን ሁሉ ደረጃ ሙዝ ተሸክመሽ? እኔ ባዶ እጄን እንኳ አልወጣውም!» አሉ። ሲስሙኝ ግን አለቀሱ።

«ማነው የሚዘፍነው?» አልኳቸው፣ ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ሲከቱት።
«የፈረንጅ ሮክ ዘፋኝ ነው፤ ያኔም አንጋፋ ነበር። ይሄኛውን አልበሙን ሰው አያውቀውም። ታምራት ግን ከሁሉም ይሄን ነበር የሚወደው።» የዘፋኙንና የአልበሙን ስም በወረቀት ጻፉልኝ።

የሰውየው ድምፅ ሻካራ ነው፤ አጠገብሽ ተቀምጦ የሚያወራሽ ይመስላል። ቃሉ አልገባኝም፤ ጊታሩ ግን ሆዴን አባባው። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንዱ ዘፈን መሃሉ ላይ ቀጭ አለና የእኛ የመዝሙር ጭብጨባ ጀመረ። የጋሽ ሽፈራው እጅ ወዲያው ቴፑን አቆመ።

«ታምራት ሁልጊዜ እዚህ ጋ ያቆመው ነበር» አሉ።
«ተቀይሞኝ ነበር?»
«ስላንቺ አንስቶ አያውቅም። ያቆምና የቀረውን ራሱ ያንጎራጉራል። እኔ መጨረሻውን ከሱ አፍ ሌላ ሰምቼው አላውቅም።»
«እስቲ ያሰሙኝ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው አንጎራጎሩልኝ። ረጅም ዜማ ነው፤ ወጣ፣ ወጣና ቀስ ብሎ ወረደ።

ቤት

አሥር ሰዓት ገባሁ። ልጄ ወረቀቱን አይታ፣ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ስልክ ላይ አለ» ብላ አልበሙን ከፈተችልኝ። የተቆረጠው ቦታ ሲደርስ ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ። ዘፋኙ ሁለት ስንኝ ጨመረና ዝም አለ።

«አለቀ?»
«አለቀ።»

ጋሽ ሽፈራው ያንጎራጎሩልኝ ዜማ እዚያ ውስጥ የለም። ወንድሜ መጨረሻውን ረስቶት፣ ከራሱ ሲሞላው ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን፣ «ታሜ፣ ያ ያጠፋሁብህ ዘፈን ማን ይባላል?» ብዬው ቢሆን፣ ልጄ በአንድ ደቂቃ ታገኝለት ነበር።