የልጄን ጥርስ የሰበረችው የማኦሪ ልጅ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ፌርፋክስ የምሠራበት ሬስቶራንት ሽንኩርት እየከተፍኩ ከልጄ ትምህርት ቤት ተደወለልኝ። «ሕሊና ተደባድባለች፣ ቶሎ ነይ።» ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ትምህርት ቤቷ ያለበት ሃውቶርን ድረስ እንዴት ድራይቭ እንዳደረግኩ አላውቅም።

ኦፊስ ስገባ ልጄ አፏን በፎጣ ይዛለች። ፎጣው ደም በደም ሆኗል። የፊት ጥርሷ ተሰብሯል... ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ፊት ለፊቷ አንዲት ፈርጠም ያለች ልጅ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። የእጇ ጣቶች ተልጠዋል። ሕሊናን በወንበር መትታ ከጣለቻት በኋላም አልለቀቀቻትም አሉ።

ዓይኔን ጋረደኝ። ዘልዬ የልጅቷን አንገትጌ ጨምድጄ «ልትገድያት ነበር?» እያልኩ በአማርኛ ናጥኳት። ጭንቅላቷ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ሰማሁት... ጥበቃው ነው በግድ ያላቀቀኝ።

እናትየዋ አልመታችኝም። መሃላችን ቆመች።

«ከኒውዚላንድ ከመጣን አራት ወራችን ነው» አለችኝ። «እዚያ የምትማረው በራሳችን ቋንቋ፣ በማኦሪ ነበር። እንግሊዝኛ ታወራለች፤ ግን ሳይንሱንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ አንብባ አታውቅም። ዛሬ ክላስ ፊት ቆማ ስታነብ ተደናቀፈች። አንዷ አነባበቧን እያስመሰለች ክላሱን በሙሉ አሳቀችባት። በየቀኑ እንደዚህ ታደርጋታለች።»

«ማናት እሷ?»

ልጄ ፎጣውን ከአፏ ወደ ዓይኗ ከፍ አደረገችው...

ሕሊና ከአዲስ አበባ የመጣችው አምስተኛ ክፍል ጨርሳ ነው። እዚያ በአማርኛ ስትማር ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። እዚህ በእንግሊዝኛ ስታነብ ስለሚስቁባት የመጀመሪያውን ዓመት ጠዋት ጠዋት እያስመለሳት ነው የጨረሰችው።

«አንቺ? አንቺ ይህን አደረግሽ?»

«እማዬ... በእሷ መሳቅ ሲጀምሩ እኔን ተዉኝ።»

እጄን አነሳሁባት። ልጇን ከግድግዳ ጋር ያጋጨሁባት ሴት ክንዴን አየር ላይ ያዘችው።

«በቃ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ለዛሬ ይበቃል።»

ሁለቱም ሦስት ሦስት ቀን ታገዱ። እኔም ያለ ቀጠሮ ግቢው ውስጥ እንዳልታይ ተነገረኝ።

መኪና ውስጥ ሕሊና እየተኮላተፈች «እማዬ፣ በማኦሪ ይቅርታ ምን ይባላል?» አለችኝ።

«ሰኞ ስትመለሺ ራስሽ ጠይቂያት» አልኳት።

እኔ እናትየዋን ልጠይቅ የሚገባኝን ይቅርታ በየትኛው ዓይኔ አይቻት እንደምጠይቅ ጨንቆኛል።