ከላባ የተሠራው ዝንብ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ የጠራበት ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲወጣ ሰው ሁሉ ደስ ሲለው፣ እኔ መቀመጥ ያቅተኛል። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

የምኖረው ኮልፌ ነው። 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት፣ ሻይና ፓስቲ የምሸጥባት ትንሽ ቤት አለችኝ። ባለቤቴ ሰለሞን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ወደ ጅቡቲ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። እናቱ ካረፉ በኋላ አባቱን፣ አባባ ጌታሁንን፣ ከባሌ አምጥቶ እኛ ጋ አስቀመጣቸው። መኪናውን ባስነሳ ቁጥር «አባዬን አደራ» ይለኛል። አደራ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ እሱ ከሚጭነው ጭነት ይከብዳል።

አባባ የተለዩ ሰው ናቸው። ወጣት ሳሉ ባሌ ተራራ ላይ ዓሣ ሊያጠምዱ ለሚመጡ ፈረንጆች ዕቃ ይሸከሙ ነበር። እዚያ ቀዝቃዛው ወንዝ ውስጥ፣ ድሮ ከውጭ አምጥተው የለቀቁት ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ፈረንጆቹ ይህን ዓሣ በትል አያጠምዱትም። መንጠቆ ላይ የዶሮ ላባ በክር ጠምጥመው ዝንብ ያስመስሉታል። ከዚያ በረጅም ቀጭን ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወናጨፉ ውኃው ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉታል። ዓሣው ዝንብ ይመስለውና ይጎርሳል። አባባ አይተው አይተው ተማሩት። አንዱ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ዘንጉን ሰጥቷቸው ሄደ። «ትል የሰነፍ ነው» ይላሉ እስከ ዛሬ።

ታዲያ ኮልፌ ምን ዓሣ አለ? በሰፈራችን የሚያልፈውን ወንዝ ዓሣ ቀርቶ እንቁራሪትም ሸሽቶታል። አባባ ግን ዓመቱን የሚያውቁት በውኃ ነው። ክረምት ላይ «ደፍርሷል፣ ዓሣው አያይም» ብለው ይቀመጣሉ። መስከረም ሲጋመስ መቀመጥ ያቆማሉ። በር ላይ ይቆማሉ፣ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ሰማዩን ያያሉ። «አሁን ጠርቷል» ይሉኛል፣ ያላዩትን ወንዝ። በጋው ሲገፋ ደግሞ ውኃው ይጎድልና ዓሣው የሰው ጥላ ይፈራል። እና ጊዜዋ አጭር ናት። እሳቸው ሲቁነጠነጡ እኔም አብሬ እቁነጠነጣለሁ፤ ሻይ ስቀዳ እንኳ ዓይኔ ከበሩ አይነቀልም።

ችግሩ ላባው ነበር። በበዓል ጎረቤት ዶሮ ሲታረድ አባባ ቀድመው ይደርሳሉ። «የፈላ ውኃ ሳይነካው የአንገቱን ላባ ስጡኝ።» ቀይ ወይም ገብስማ ከሆነማ ደስታቸው ለጉድ ነው። እናንተዬ፣ ቀይና ገብስማ ዶሮ አምጡ የሚለው ማን እንደሆነ የማያውቅ አለ? አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ ጠሩኝና «አስቱ፣ ላባ በክር ሲቋጥር የሚውል ሰው ቤትሽ አስቀምጠሽ ነው እንዴ ጸሎት ቤት የምትመላለሺው?» አሉኝ። እየሳቁ ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ነገሩ ለዓሣ እንደሆነ ባውቅም፣ ክፍላቸውን ስጠርግ ላባው ያለበትን የብስኩት ቆርቆሮ በመጥረጊያ ጫፍ ገፋ አደርጋለሁ እንጂ በእጄ አልነካውም ነበር።

በዚያ ነሐሴ አባባ ጎርፍ የቆፈረው ቦይ ውስጥ ገብተው ጉልበታቸው ተላልጦ ነበር። ሰለሞን ከዚያ ወዲያ ብቻቸውን እንዳይወጡ አዘዘ። ያዘዘው እሱ፣ ማስከበር ያለብኝ ግን እኔ ሆንኩ።

ያን ቀን ጠዋት ሰለሞን ከመንገድ ደወለ። «አባዬን አገናኚኝ።» ስልኩን ይዤ ክፍላቸው ስገባ አልጋው ተነጥፏል፤ ግድግዳው ላይ ዘንጉ የለም።

«ገላቸውን እየታጠቡ ነው» አልኩት። ውሸቱ ራሱ ቀድሞኝ ወጣ።

ሱቄን ሳልዘጋ ወደ ማዞሪያው ሮጥኩ። ከእኔ ሻይ የሚጠጣ አንድ የታክሲ ረዳት አውቃለሁ።

«አባባን? በጠዋት አስኮ ጭነናቸው ነበር እኮ» አለኝ። «ዱላውን በመስኮት አውጥተው! ሹፌሩ ‹ፋዘር፣ አንቴና ነው እንዴ?› ሲላቸው፣ ‹አዎ፣ ዝም ብለህ ንዳ፣ እያዳመጥኩ ነው› አሉት።»

አስኮ ደረስኩ። ከአስኮ የቡራዩ ታክሲ ያዝኩ። ቁጭ ብዬ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። ታክሲው ሰው ሊያወርድ በቆመ ቁጥር ወርጄ ልገፋው ይቃጣኛል። ስልኬ ይጮኻል፣ ሰለሞን ነው፤ አላነሳሁም። ቡራዩ ስወርድ አንዱን ባለ ባጃጅ ጠየቅሁት።

«ላባ የሚወረውሩትን ሽማግሌ ነው? ከላይ ወንዙ ጋ ሰው ከቧቸዋል። ምንሽ ናቸው?»

«አባቴ» አልኩት። ሳላስበው ነው ያወጣሁት።

በባጃጁ ወንዙ ዳር ስንደርስ ግርግር ነው። ሣሩ ላይ የታጠበ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። አባባ መሐል ቆመዋል፤ ባርኔጣቸው ወድቋል፤ ዘንጋቸውን አንድ ጎረምሳ ይዞታል። ፊት ለፊታቸው አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከክርኗ ከፍ ብሎ ክንዷ ላይ ቀይ ላባ ተሰክቷል።

እኔ ወዲያው ገባኝ። አባባ ዘንጉን ሲያወናጭፉ መንጠቆው ልብስ ታጥብ የነበረችውን ሴት ያዛት። ለእነሱ የገባቸው ግን ሌላ ነው። የነፍሰ ጡሯ ባል እህት ራሷን ይዛ ትጮኻለች።

«ከጠዋት ጀምሮ ውኃው ላይ ዱላ ሲያዞር ነበር! ቀይ ላባ ነው፣ በክር የታሰረ! ሆዷ ውስጥ ያለውን ሊያስቀርብን ነው!»

አባባ የባሌ ልጅ ናቸውና በአማርኛም በኦሮምኛም ሊያስረዱ ሞክረዋል። ግን «ዓሣው ዝንብ እንዲመስለው ብዬ ነው» የሚለው ነገር በየትኛውም ቋንቋ ቢነገር የእብድ ወሬ ነው የሚመስለው።

«ኧረ የአባቴ የዓሣ መንጠቆ ነው! ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» አልኩ ሰዉን እየገፋሁ።

«የትም አትሄድም» አለ ዘንጉን የያዘው። «መጀመሪያ ያሰሩትን ይፍቱ።»

አባባ ሊያወጡላት ጠጋ ሲሉ የባሏ እህት ድንጋይ አነሳች። «እጅህን እንዳትዘረጋ!»

«እሺ፣ እሳቸው አይንኳት። ከእናንተ አንዳችሁ አውጡላት» አልኩ።

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ማንም አልተጠጋም።

«ካልፈራሽ አንቺ አትነኪውም?» አለችኝ ድንጋዩን እንደያዘች። «አባትሽ አይደል!»

እውነት እላችኋለሁ፣ ፈራሁ። ቤቴ ውስጥ በመጥረጊያ የምገፋው ነገር ነው ክንዷ ላይ ያለው። ለሰከንድ ያህል እትዬ ሙሉ ትክክል ቢሆኑስ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ነፍሰ ጡሯ ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ደርቋል። ጫልቱ ይሏታል፤ ስሟን ኋላ ነው ያወቅሁት።

«እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ አንቺ አውጪልኝ» አለች። «ደከመኝ።»

ተንበረከክሁ። «አባባ፣ ይንገሩኝ» አልኩ ዞር ሳልል።

«እንዳትጎትቺው» አሉ ከቆሙበት። «ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ እሾህ አለው፤ ሥጋ ይዞ ነው የሚወጣው። ከሻርፕሽ ጫፍ ክር ምዘዢና በመንጠቆው ጉብጠት አጥልቂ። በሌላው እጅሽ የመንጠቆውን ራስ ወደ ቆዳዋ ተጫኚው። ተኛ?»

«ተኛ።»

«በይ ክሩን በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሳቢው። ከራራሽላት ትጎጃታለሽ።»

ላባው ጣቴን ነካኝ። ለስላሳ ነው፣ እንደማንኛውም የዶሮ ላባ። «በኢየሱስ ስም» አልኩና ሳብኩት። ጫልቱ «ውይ» ብላ ሳትጨርስ መንጠቆው ተስፈንጥሮ ሣሩ ላይ ወደቀ። የወጣው ደም ጠብታ ነው።

ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ መንጠቆውን አነሳሁና ክሩን በጥርሴ በጥሼ ተረተርኩት። «ኑ እዩ! ላባ፣ የልብስ መስፊያ ክር፣ ብረት። ሌላ ምን አለበት? ካለበት በእኔ ይሁን!» ብዬ ላባውን ሻርፔ ላይ ሻጥኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ነው እንግዲህ፣ ጀግና ነበረች እንዳትሉኝ።

ከዳር የቆሙ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው ላባውን አዩት። «እና ዓሣው ይህን አይቶ ዝንብ ነው ይላል?»

«ይላል» አሉ አባባ።

«እኛ ጠንቋይ ነው አልን። ማን ነው ሞኙ እንግዲህ?» አሉና ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ሌላውም ፈገግ አለ፤ ጎረምሳውም ዘንጉን እያጉረመረመ መለሰ።

ጫልቱን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የባሏ እህትም አብራን ገባች፤ ባጃጅ ውስጥ ከሰው መራቅ ከተቻለ፣ ከአባባ ርቃ ተቀመጠች። ነርሷ ቁስሉን አጥባ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወጋቻት። ከዚያ ሆዷ ላይ የሕፃኑን የልብ ምት አዳመጠች። እኔ ነርሷን አያለሁ፣ የባሏ እህት እኔን ታያለች። «ደህና ነው» አለች ነርሷ። ላባውን ከሻርፔ ላይ ያነሳሁት ያኔ ነው።

ወደ አስኮ ስንመለስ አባባ ዘንጉን በመስኮት አላወጡትም። ጭናቸው መሐል አቁመው ያዙት።

«አስቱ፣ ልጅቷን አላየኋትም» አሉኝ።

«ከኋላዎ ስለነበረች ነዋ አባባ።»

«ከኋላዬ አልነበረችም። ከጎኔ ነበረች፣ በግራ በኩል።» «ግራ ዓይኔ ከጨለመብኝ ቆየ። ግድግዳ ነው። ቀኙንም ጀምሮታል።»

ነሐሴ ላይ የወደቁበት ቦይ ወዲያው ታወሰኝ። በየትኛው በኩል እንደነበረ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?»

«ብነግራችሁ ዘንጉን ትሰቅሉብኛላችኋ! ውኃው የሚጠራው በዓመት አንዴ ነው ልጄ። ስንት ጊዜ ይቀረኛል?»

እኔ እርጅና ያቁነጠንጣቸዋል እል ነበር። ለካ ሰውየው ከዓይናቸው ጋር እሽቅድምድም ላይ ነበሩ።

ማታ ለሰለሞን ሁሉንም ነገርኩት፣ የገላ መታጠቡን ውሸት ጨምሮ። ሲመጣ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ጠብታ ይደረግ አሉን። ሰለሞን «በቃ፣ ዘንጉ ይሰቀል» አለ። ልጅ ነው፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን «አብሬያቸው እሄዳለሁ» አልኩ። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፤ ዓሣ እንኳ አልወድም፣ ሽታው ያስጠላኛል።

ጫልቱ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጠይቃት ገንፎ ይዤ ሄድኩ፤ የባሏ እህት እንኳ ወንበር ሰጠችኝ።

አምና ጥቅምት፣ ከሰው ራቅ ያለ ቦታ ፈልገን፣ አባባን ይዤ ወረድኩ። በግራቸው ትንሽ ፈንጠር ብዬ እቆማለሁ። ከመወርወራቸው በፊት «ግራዬ?» ይሉኛል። ግራ ቀኝ ካየሁ በኋላ «ባዶ ነው አባባ» እላለሁ። ያኔ ክሩ በአየር ላይ ፉጨቱን ይጀምራል። ዓሣ ያዙ አልያዙ ግድ የለኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ አይዙም። ግን ፊታቸውን ሳየው ሱቄን ዘግቼ መምጣቴ አይቆጨኝም።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀደም ብሎ ወጣና መስከረም ሳያልቅ ሄድን። አባባ ክራቸውን አዘጋጁ፣ «ግራዬ?» አሉ፤ «ባዶ ነው» አልኳቸው። ይወረውራሉ ብዬ ስጠብቅ ዘንጉን ይዘው ቆሙ።

«ቀኜስ?» አሉኝ።

ከዚያ በፊት ጠይቀውኝ አያውቁም። በቀኛቸው በኩል ሣርና ውኃ ብቻ ነበር። እኔ ግን ዞሬ ሄጄ፣ እዚያው ቆሜ፣ ደጋግሜ አየሁት።

«እሱም ባዶ ነው አባባ። ይወርውሩ።»

ወረወሩ። እሳቸው እስኪበቃቸው ድረስ ተረጋግተው አጠመዱ። እኔ ግን ያን ቀን ቤት እስክንገባ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ፤ አንዴ በግራቸው፣ አንዴ በቀኛቸው ስዞር ዋልኩ።