ጦም ያደረው መሬቴ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ምን ይደበቃል። ጊንጪ በኖርኩባቸው ዓመታት ያላኮረፍኩት ሰው ቢኖር የአውቶቡሱ ሾፌር ብቻ ነው። እሱንም የአፈር ሳጥኖቼን ጭኖ ለምርመራ አምቦ የሚያደርስልኝ ሌላ ስላልነበረ ነው።

ጊዜው በደርግ ማብቂያ ግድም ነው። ሥራዬ አፈር ነበር። ብዙ ሰው አፈር ሲባል ምን እንደሚያበቅል ይጠይቀኛል። እኔ የማጠናው ግን እርስ በርሱ እንዴት እንደሚያያዝ፣ ውሃና አየር በየት በኩል እንደሚገቡበት፣ ሲረገጥ ምን እንደሚሆን ነው። ያን አገር የሚያውቅ መረሬውን ያውቃል። በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር ጥቁር አፈር ነው። ገበሬው ለጤፍ ብሎ አራት አምስት ጊዜ ያርሰዋል። ማረሻው በየዓመቱ እዚያው ጥልቀት ላይ ሲመላለስ ከሥር ያለው አፈር ተጠቅጥቆ እንደ ወለል ይጠጥራል። ክረምት ሲገባ ውሃው መውረጃ አጥቶ እላዩ ላይ ይተኛል፣ ሰብሉም ቢጫ ይሆናል። የኔ ጥያቄ አንድ ነበር። ይህ መሬት ማንም ሳይነካው ቢተው፣ ያ የጠጠረው ወለል በራሱ ጊዜ ይከፈታል ወይ?

የገበሬ ማኅበሩ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጭልሞ ጫካ ከሚታይበት ሜዳ ላይ፣ ቁራጭ መሬት ሰጠኝ። ለሁለት ከፈልኩት። አንዱን ግማሽ የድንበር ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ እንደ አገሩ ልማድ በበሬዎቻቸው ያርሱልኛል። ሌላውን ግማሽ በእሾህ አጥሬ ተውኩት። አምስት ዓመት ተውኩት።

ሽማግሌው ጴንጤ ነበሩ። ጠላ አይቀምሱም፣ ሳቅ ግን አይጠግቡም። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከበሬዎቻቸው ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ። «ኢንተላ ቢዬ» ይሉኛል፤ የአፈሯ ልጅ ማለታቸው ነው። በየዓመቱ እርሻ ሲጀመር ወደ አጥሬ ብቅ ይሉና፣

«ይህንንስ መቼ ነው የምናርሰው?» ይላሉ።

«አይታረስም አባቴ። እንዲሁ ይተው።»

«እሺ፣ እሺ» ብለው ይስቃሉ።

አስረድቻቸዋለሁ እኮ! ከሁለቱም ግማሽ ጓል አንስቼ በሻይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሬ አሳይቻቸዋለሁ። የታረሰው ወዲያው ፈርሶ ጭቃ ሆነ፤ ያልታረሰው እንደ ቂንጬ በየፍሬው ሆኖ ሳይሟሟ ቆመ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለውም ለምሳ ቤታቸው ወሰዱኝ። በቃኝ፣ ጠገብኩ ብል ሚስታቸው «በሞቴ!» እያሉ ይጨምሩብኛል። እዚያ ቤት በቃኝ ያለ ሰው የባሰ ይጎርሳል።

ከዚያ ቤት ስወጣ የሚጠብቀኝ ማንም አልነበረም። የተከራየኋት ክፍል መስኮት ላይ አፈር የተነከረባቸው ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። አከራዬ «ይቺ ልጅ ጠንቋይ ናት ወይስ አስተማሪ?» እያሉ ለጎረቤት ይጠይቁ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ወሬው ሁሉ በኦሮምኛ በላዬ ያልፋል። ሰላምታውን ተምሬአለሁ፤ ከሰላምታው ወዲያ ግን መንገዱ አይገባኝም። አዲስ አበባ ደግሞ ይጠብቀኝ የነበረ ሰው ነበር። «ከጭቃውና ከእኔ ምረጪ» አለኝ አንድ ቀን። ተናደድኩና ጭቃውን አልኩት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ወደ መሬቴ እሄድና አጥሩ ሥር እቀመጥ ነበር። ብቸኝነት ከብዶኝ ነበር፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

አምስተኛው ዓመት ሰኔ ላይ እናቴ ማረፏ ተነገረኝ። አገሬ ደብረ ታቦር ነው። ወንድም እህት የለኝም። ቀብሩም አመለጠኝ፤ ለቅሶ ላይ ግን ደረስኩ። አላለቀስኩም። ሰው ሲመጣ ሲሄድ፣ ሲታዘዝ ሲበላ፣ እኔ ሳስተናግድ ዕንባዬ የት እንደገባ እንጃ። አርባዋን አወጣሁና ቤቷን ዘግቼ ተመለስኩ።

አውቶቡሱ ውስጥ የማስበው ስለዚያች ያጠርኳት ግማሽ ነበር። ይህ ክረምት የመጨረሻዋ ነው። ጥቅምት ላይ ሲደርቅ ቆፍሬ ወለሉ መከፈት አለመከፈቱን አያለሁ፣ ለገበሬውም የምለው ነገር ይኖረኛል። ሌላ ምን ቀርቶኛል? ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ አሁን ደግሞ እናትም የለች። ዕድሜዬን የሰጠሁት ለዚያች መሬት ነው፤ እሷ ብቻ ደህና ሆና ትቆየኝ ብዬ ተሳልኩ።

በማግሥቱ በማለዳ ሄድኩ። አጥሩ የለም።

መንገድ የሳትኩ መሰለኝ። ዞር ብዬ ጭልሞን አየሁ፤ በቦታው አለ። የሽማግሌውን ቤት አየሁ፤ በቦታው አለ። ያ አምስት ዓመት ያልተነካ ሣር የለበሰ መሬት ግን ጥቁር ሆኖ ተደልድሏል፤ ላዩ ላይ ገና የበቀለ ጤፍ አረንጓዴ ሆኖ ተነስቷል። በጤፉ መሐል ለመሐል የከብት ኮቴ ይታያል።

ሽማግሌው ከሩቅ አይተውኝ እየተጣደፉ መጡ። ሚስታቸውም፣ ጎረቤቱም ተከተሏቸው።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ!»

«ምንድን ነው ያደረጋችሁት?»

«አገርሽ ሩቅ ነው፤ ለቅሶሽ መድረስ አልቻልንም» አሉ። «የሐዘንተኛ መሬት ደግሞ ጦሙን አያድርም። ደቦ ጠራሁ። በሬ ያለው ሁሉ መጣ። ደጋግመን አረስነው። ከመዝራታችን በፊት የአካባቢውን ከብት በሙሉ አስገብተን አስረገጥንልሽ። እንደሱ የተረገጠ እርሻ በዚህ ቀበሌ የለም!»

ወይ ጉድ! አስረገጥንልሽ አሉኝ። እኔን፣ ዕድሜዋን ሙሉ አትርገጡት ስትል የኖረችውን።

«አትንኩት ብዬ አልነበረም?»

«ብለሻል እንጂ፣ በየዓመቱ!» ሳቁ ሽማግሌው። «ይሉኝታሽን እናውቃለን። ግማሹን እረሱልኝ ብለሽ ሌላውን ለመጠየቅ አፈርሽ። በሬ የለሽ፣ ወንድም የለሽ፣ ስንቴ ላስቸግራቸው ብለሽ ነው። እኛስ ሰው አይደለንም? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት አይሻልም?»

ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ለቅሶ ነው። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ያለቀስኩት ለመሬቴ ነበር፤ ለእናቴ ነው ብዬ አልዋሽም። አምስት ዓመቴን ነው በቸርነታቸው ያረሱት። የጥያቄዬን መልስ እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ያን ያህል ዓመት የሚጠብቅ መሬት ዳግመኛ የሚሰጠኝ አልተገኘም።

ሴቶቹ ግን መጥተው ከበቡኝ። ጭቃው ላይ፣ በደህና ልብሳቸው፣ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አለችኝ አንዷ። የሽማግሌው ሚስት በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቁኝ።

«እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ነው የምትልሽ» አሉ ሽማግሌው።

አገሬ ላይ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃት ነበርና። «ቁጡ ነበረች» አልኩ። «እንደ እኔ። ተቆጥታ ስታበቃ ግን ሰውን ታበላ ነበር።» ሽማግሌው ሲተረጉሙላቸው ሴቶቹ ሳቁ፤ ከዚያ የማያውቋትን እናቴን አለቀሱልኝ። እኔም ያን ጊዜ ለእሷ አለቀስኩ። ማን ለየትኛው እንደሚያለቅስ የሚጠይቅ አልነበረም።

በመጨረሻ ሽማግሌው እጄን ይዘው አስነሱኝ። ቀሚሴ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በመዳፋቸው አራገፉልኝ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ አጥርም አያስፈልግሽ» አሉ። «ለከርሞም ሁለቱንም የምናርሰው እኛ ነን።»

አይሆንም ልል ነበር። ግን እኔ አይሆንም ብል ማን ያምነኛል?

«እሺ አባቴ» አልኳቸው። «እረሱልኝ።»