ከኢሊ እስከ ሴንት አንድሩስ

የወለል ሰም ሲሸተኝ ያ ቤት ይመጣብኛል። ሮም ውስጥ፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ የሙቀት ወቅት አራት ሰዎች ነበርን፦ የቤቱ ባለቤት ስኮትላንዳዊቷ ሲኞራ ማርጋሬት፣ ሠራተኛቸው እናቴ አልማዝ፣ የአስመራዋ ወጥ ቤት እትዬ ለተብርሃንና የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበርኩት እኔ።

አባቴ ደርግ መውጫ ቪዛ ከልክሎት አዲስ አበባ ቀርቶ፣ እናቴም ከአሠሪዋ ቤት ታድር ስለነበር፣ በብርዱ ወራት መነኮሳት በሚያስተዳድሩት ኮሌጆ በሚባል አዳሪ ቤት እኖር ነበር። እናቴን የማያት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነበር፤ ሸኝታኝ ስትመለስ የጫማዋ ድምፅ እስኪጠፋ ከበሩ አልለይም ነበር።

በሐምሌ ሙቀት ኮሌጆው ሲዘጋ ሲኞራ እሳቸው ዘንድ እንዳድር ፈቀዱ። ኮሪደሩ ላይ የትውልድ አገራቸው የፋይፍ ባሕር ዳርቻ ካርታ ተሰቅሎ ነበር፤ ጧት ጧት በከዘራቸው እየነኩ የወደብ ከተሞቹን፦ ኢሊን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ማዕበል የሚረጨውን ሴንት ሞናንስን፣ የጻድቅ ዋሻ ያለበትን ፒተንዊምን፣ አንስትራዘርን፣ ክሬልን፣ በመጨረሻም ካቴድራሉ ፈርሶ ግድግዳው የቀረውን ሴንት አንድሩስን በቅደም ተከተል ያስጠኑኝ ነበር። እትዬ ለተብርሃን ሽንኩርት እየከተፉ «ፕሮፌሶሬ፣ ያን ሁሉ ወደብ ዞረህ አንድ ዓሣ እንኳ አጣህ?» ይሉኝ ነበር።

መስከረም ሲቃረብ እናቴ «ልጄ እዚሁ እያደረ ይማርልኝ» ብላ ለመነች። ሲኞራ «አሎራ፣ እንግዲህ እናያለን» አሉና በማግስቱ ካርታው ፊት አቆሙኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከተሞቹን ሲጠሩ ክሬልን ከፒተንዊም አስቀደሙ።

«ልክ ነኝ?» አሉኝ።

እናቴ ትልቅ ሰው አይታረምም ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ ያን ጊዜም በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ «አዎ፣ ሲኞራ» አልኩ።

ዓይናቸውን ገልጠው ካርታውን ለረጅም ጊዜ አዩና ለእናቴ «መርሳት ጀምሬአለሁ። የምፈልገው ስሳሳት የሚነግረኝ ሰው ነበር» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እሑድ ወደ ኮሌጆ ልትመልሰኝ ስንሄድ እናቴ ትራሙ ውስጥ «ታውቀው ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺ ነሻ ያልሽኝ።»

የኮሌጆው በር ላይ ትታኝ ተመለሰች።

ዛሬ በምኖርባት አንዲት ክፍል ውስጥ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ፣ የተሳሳተውን ጠርዙ ላይ በእርሳስ አርማለሁ፤ ያኔ ሰሚ ሳለ ዝም አልኩ፣ አሁን ስናገር ሰሚ የለም። በዚያ ቤት የሠራችሁ፣ ወይም እትዬ ለተብርሃንን የምታውቁ ካላችሁ፣ የዘነጋሁትን ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩትንም ንገሩኝ። አክብራችሁ ዝም አትበሉኝ።