በቅጽሩ ውስጥ የወደቁት ዋኖሶች

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ከደብረ ታቦር የተነሣሁት አባ ታከለ ስለደወሉልኝ ነው። አባ ታከለ ከገሳይ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ፣ አክስቴ እትዬ ጥሩ በምትኖርበት ደብር ቄስ ናቸው። “ልጄ፣ ዋኖሱ ሁሉ ቅጽሩ ውስጥ ረግፏል። ሰው መዓት ወረደ ብሎ ፈርቷል። አንቺ ይህንኑ አይደል የምትማሪ? መጥተሽ እዪልን” አሉኝ። የባዮሎጂ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ገና ምንም አላውቅም ማለት አፈርኩና እሺ አልኳቸው። እሑድም የአክስቴ ባል የአያ ሙላት አርባ ስለሆነ ለተዝካሩ እደርሳለሁ ብዬ አሰብኩ። አያ ሙላት በሳንባ ምች ነው የሞተው።

መምህሬ የዱር ወፍ በአንድ ጊዜ በብዛት የሚሞትባቸውን ምክንያቶች አጻፉኝ፦ የወፍ ጉንፋን፣ በረዶና ብርድ፣ ርሃብ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ መርዝ። ጓንትና ፌስታል ሰጡኝና “በባዶ እጅሽ እንዳትነኪ፤ ሳታረጋግጪም እንዳትናገሪ” አሉኝ።

ሚኒባሱ ሲሞላ ረዳቱ ሰማንያ ብር ጠየቀኝ። “ስልሳ አልነበር?” ስለው፣ “ስልሳው የበጋ ነው እቴ፤ ሃያው የጭቃ ነው” አለ። ከኋላ የተቀመጡ እናት “ጭቃውን አንተ ነህ እንዴ ያቦካኸው?” ሲሉት መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ረዳቱም ሳቀ፤ ሃያ ብሩን ግን አልመለሰም።

ጉና ጉም ለብሷል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ድንቹ አብቧል፤ ስንዴው ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነው። ገሳይ ወርጄ ትኩስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላሁና ጫማዬን በእጄ ይዤ ጭቃውን ተያያዝኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት

አባ ታከለ በቅጽሩ በር ቆመው ጠበቁኝ። ከጽዶቹ ሥር ዋኖሶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። እስከ ስልሳ ሦስት ቆጥሬ ተውኩት። አንዷ ገና ነፍስ ነበራት፤ አንገቷ ተጠማዞ እግሯ ይንቀጠቀጣል። በጓንቴ ይዣት እያለሁ ዝም አለች።

ሰዎች ከበቡኝ። አካባቢው መብራት ስላልገባለት ሽቦውን ሰረዝኩት። ከሦስት ቀን በፊት በረዶ መጣሉን ሲነግሩኝ ጊዜ ደስ አለኝና “በረዶ ነው፤ መዓት አይደለም” ብዬ ተናገርኩ። ሴቶቹ እፎይ አሉ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ግን፣ ጓዴ የሚባለው፣ በዱላው ወደ አጥሩ ማዶ አሳየኝ።

“የኔ ልጅ፣ በረዶ ወፍ ገድሎ ጎመን ይምራል? ያውልሽ ጎመኔ፣ አንድ ቅጠል አልተበሳ።”

ሳቁብኝ። ፊቴ ጋለ። ጎንበስ ብዬ የአንዷን ዋኖስ ከአንገቷ ሥር ያለውን የእህል ቋጠሮ በምላጭ ከፈትኩት። በስንዴ ተሞልቷል። በእያንዳንዱ ፍሬ ስንጥቅ ውስጥ ሮዝ ቀለም ቀርቷል።

ጓዴ አየውና ሳቁን አቆመ። “ይኸ የዘር ስንዴ ነው። ተባይ እንዳይበላው መድኃኒት የተለወሰ። ግን ዘርተን ጨርሰናል፤ ይኸን ሁሉ ከየት አገኙት?”

ሁለት ወፎች በፌስታል ቋጥሬ ወደ አክስቴ ቤት ወረድኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት

እትዬ ጥሩ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከፊቷ በሰሌን ላይ ስንዴ እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ በረዥም ቀጭን እንጨት “እሽ! እሽ!” እያለች ወፍ ትከላከላለች። እንደሳመችኝ አንድ እፍኝ አንሥቼ አየሁ። ስንጥቁ ሮዝ ነው።

“እትዬ፣ ይህ ስንዴ ከየት ነው?”

“ከዘር የተረፈ። ሙላት ለውሶ አዘጋጅቶት ነበር፤ እሱ ሲሞት ግማሹ እርሻ ጦሙን አደረ። የእሑድ ዳቦ ነው።”

“መድኃኒት አለበት እኮ!”

“ሦስት ጊዜ አጥቤው? በሙቅ ውሃ፣ ባመድ አሽቼ? ቀለሙ ለቋል፣ አታይም?”

“ቀለሙ ብቻ ነው የለቀቀው” አልኳትና ፌስታሉን ፈታሁ።

ጎንበስ ብላ አየቻቸው። “ሰርቀው ሲበሉብኝ ስረግማቸው ነው የሰነበትኩ” አለች። ቀጥላም “ጎተራው እኮ ባዶ ነው፣ ልጄ። ባሏን በባዶ እጇ ሸኘችው ሊሉኝ ነው” ብላ አለቀሰች። ሰሌኑን ከነስንዴው ጠቀለልኩ።

አባ ታከለ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ “ፍትሐቱ የእኛ ነው፤ ዳቦ አልጠየቅንሽም” አሏት። ከምንጩ ርቀን ጉድጓድ ቆፈርን። ለናሙና አንድ እፍኝ አስቀረሁ፤ ሌላውን ራሷ ገለበጠችው። ወፎቹም ከቅጽሩ ተለቅመው በዚያው ተቀበሩ። “ለሰው አትንገሪብኝ” አለችኝ። አባ ታከለ አንገታቸውን ነቀነቁ፦ “ከዘር የተረፈው ያንቺ ብቻ ነው እንዴ ጥሩ?”

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አባ ታከለ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እትዬ ጥሩ በጥቁር ነጠላዋ ቆመች።

“ወፎቹን የገደለ የኔ ስንዴ ነው። ለሙላት ተዝካር ልትበሉት… ላበላችሁ ነበር። ከዘር የተረፈ ያለው ሰው፣ ቢያጥበውም አይብላ።”

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ልጇን አዝላ ተነሣችና ማንንም ሳትሰናበት ወደ ቤቷ ሮጠች። እሷም የዘር ስንዴ አጥባ ኖሯል።

ለተዝካሩ ድንች ተቀቀለ። ጓዴ አንድ ቅርጫት ጎመን አመጣ።

ሰኞ፣ ደብረ ታቦር

ናሙናውን ለመምህሬ ሰጠሁ፤ ላቦራቶሪ እስኪያየው ድረስ “ሊሆን ይችላል” ብለሽ ጻፊ አሉኝ፤ ጻፍኩ። በረዶ ነው ብዬ መቸኮሌንም አልደበቅሁም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ግን ሪፖርቱ ውስጥ የሚገባ አይደለም። ዋኖሶቹ ምን እንደበሉ ለማወቅ ሁለት ሰዓት በጭቃ ሄድኩ። አክስቴ ክረምቱን በምን እንደምታልፈው ግን፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ስልክ በእጄ እያለ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።