የልጁ ተራ

ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አሶሳ ውስጥ በአንድ ሆቴል ግቢ ዙምባራ የሚባለው የቅል መለከት ተጫዋቾች ለእንግዶች ተጫወቱ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ድምፅ አልጎደለም።

ዜና ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ለዜና አልመጣሁም፤ በረንዳው ላይ የከርከዴ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ተጫዋቾቹ ከመጀመራቸው በፊት እንደ ድሮው ውሃ በባልዲ አመጡና በየዙምባራው ውስጥ እያፈሰሱ ደፉት። የረጠበ ቅል ሽታ መጣ። የደረቀ ሣር፣ ጭስ የጠጣ ጣሪያ፣ ትንሽም አፈር አፈር የሚል ሽታ ነው። ከርከዴው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። እኔ የነበርኩት ሌላ ዘመን ውስጥ ነው።

ያኔ ክልሉ አዲስ ነበር። ሠራተኛው ከየአገሩ ተመድቦ ቀድሞ ይደርስና ጠረጴዛና ወንበር ይጠብቃል። አንዳንዱ ቢሮ በር እንጂ ምልክት አልነበረውም። እኔ ለማስታወቂያ ቢሮ፣ ለሬዲዮ ሥራ፣ ከመሃል አገር የመጣሁ ጀማሪ ነበርኩ። በትከሻዬ የሚንጠለጠል ቴፕ መቅጃ ተሰጥቶኝ፣ ማንገቻው በሙቀቱ ሸሚዜ ላይ እየተጣበቀ፣ ከተማዋን ዞርኩባት።

አሶሳ ቀን ቀን በሙቀት ታንቀላፋለች። ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል ዝቅ ስትል ትነቃለች። መጀመሪያ ከሻይ ቤቶቹ የሱዳን ካሴት ይጀምራል፤ ድምፁ ከማንጎ ዛፎቹ ሥር ተነስቶ መንገዱን እንደ ውሃ ይሞላዋል። ቀጥሎ ከስብሰባው አዳራሽ፣ አዲሱ የባህል ቡድን ሲለማመድ፣ የማይክራፎን ፉጨት ይሰማል። በመጨረሻ ከሆቴሉ ጓሮ ጄኔሬተር መንደቅደቅ ይጀምራል። ጄኔሬተሩ ተነሳ ማለት ኪቦርድ አለ ማለት ነው። ከዚያ ዘመን የቀረልኝ ይኸው ሰዓት ነው። ብዙ ምሽቶች ነበሩ፤ ሳስታውሳቸው ግን አንድ ረጅም ምሽት ናቸው፣ ብርሃኑ ማር የመሰለ፣ የማይጨልም።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ጓደኛዬ ነበር። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሠፈሩ ገበሬዎች ልጅ ነው። ራሱ ልጅ ሆኖ በእናቱ እጅ ተይዞ ቢመጣም አነጋገሩ ከወሎ አልወጣም ነበር። ሥራው እስኪጀምር ድረስ ሙዚቃ ወዳለበት ሁሉ አብረን እንሄዳለን። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሻይ ቤት ገብተን ገና ሳንቀመጥ አስተናጋጇን ይጠራና፣ «እህትዓለም፣ ዘፋኙን እንቅልፍ ይዞታል። ባትሪ ቀይሩለት» ይላታል። እሷም «አንተ ዘፈን ልታዝዝ ነው ሻይ?» ትለዋለች። ባትሪው ሲቀየር እውነትም ዘፋኙ ይነቃል።

ዙምባራ መጀመሪያ የሰማነው ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን ነው። እህሉ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ዙምባራ አይነፋም፤ የቡድኑ አለቃ ቤት ተሰቅሎ ይከርማል። አዝመራው ሲነሳ ይወርዳል። ረጃጅም ቅሎች ተቀጣጥለው በቀርከሃ ልጥ የታሰሩ ናቸው። ትልቁ ትከሻ ላይ ይጋደማል፣ ትንሹ በአንድ እጅ ይያዛል። አንዱ ዙምባራ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ሰውየው ተራው ሲደርስ ያችን ድምፅ ይነፋና ዝም ይላል፤ ቀጣዩ ይቀበለዋል። ብቻውን ዜማ ያለው ሰው የለም። ክብ ሠርተው፣ አቧራውን በእግራቸው እየመቱ፣ ሴቶቹ ከጎናቸው እየዘፈኑ ሲዞሩ፣ ዜማው ራሱ ከሰው ወደ ሰው ሲራመድ ታየዋለህ።

ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝ።

«ሰማኸው?»

«ምኑን?»

«ቆይ፣ ሲዞር ስማ።»

ስማ ባይለኝ አልሰማውም ነበር። ዜማው እንደ ደረጃ ይወርዳል፤ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ እግር አየር ይረግጣል። አንድ ተራ ባዶ ነበረች። በዚያች ባዶ ቦታ ላይ፣ ከሴቶቹ መሐል ቢጫ የሱዳን ቶብ የተከናነበች አንዲት እናት፣ ሰው ከሩቅ የጠራት ይመስል አገጯን ቀና ታደርግ ነበር።

«ዙምባራው ተሰብሮባቸው ነው» አለ ጓደኛዬ።

«ለምን አትጠይቃቸውም?»

«አንተ ደግሞ! ሰው ቤት በእንግድነት ገብተህ፣ ወንበራችሁ ለምን አንድ እግር ጎደለው ትላለህ እንዴ?»

ብዙም ሳይቆይ የሆቴሉ ባለቤት፣ ድምጿ ከጄኔሬተሩ በላይ የሚሰማ ሴትዮ፣ ተጫዋቾቹን ለአንድ ቅዳሜ ጠራቻቸው። ከመሃል አገር እንግዶች ይመጡ ነበር። ክልሉን ወክሎ የሚሄድ ቡድን እየተፈለገ ነው ተባለ። ጓደኛዬ ሳምንቱን ሙሉ ያችን ዜማ ኪቦርዱ ላይ ሲፈልጋት ሰነበተ። የጎደለችውን ድምፅ ሲያገኛት ፊቱ በራ።

«ቅዳሜ እኔ እሞላላቸዋለሁ» አለኝ። «እንግዳ ፊት አያፍሩም።»

ለእኔም ደግ ሐሳብ መሰለኝ።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀመሩ። ግቢው ገና ውሃ ተርከፍክፎበት ነበር፤ የአፈሩ ሽታና የናፍጣው ሽታ ተደባልቀዋል። እንግዶቹ በጥላው ሥር ተደርድረዋል። ሴቶቹ በአጥሩ በኩል ናቸው፤ ቢጫ ቶብ የለበሰችው እናትም ከነሱ ጋር ናት። የመጀመሪያው ዙር ባዶውን ቦታ ይዞ አለፈ። በሁለተኛው ላይ ጓደኛዬ ጣቱን አሳረፈ።

ልክ ነበረች። በሰዓቷም፣ በድምፅዋም ልክ ነበረች። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ።

ዜማው ዞሮ ሲመለስ ደገማት። ያኔ ከሴቶቹ ወገን ዘፈኑ ተቆረጠ። እናትየው እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ዙምባራዎቹም አንድ በአንድ ከትከሻ ወረዱ። አለቃው እጁን አነሳ። ከግቢው ውስጥ የሚሰማው ጄኔሬተሩ ብቻ ሆነ።

አለቃው ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ነበር፤ አማርኛውን ቀስ እያለ ይናገራል። ወደ ኪቦርዱ መጣ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባባ» አለ ጓደኛዬ እየተነሳ። «ጎድሎባችሁ መስሎኝ…»

«አልጎደለም። ሰው አለው።»

«የታለ ሰውየው?» አለች ባለሆቴሏ ከኋላ።

«ሱዳን ነው። በደርጉ ጦርነት ጊዜ ተሻገረ። ሌሎች ተመለሱ፣ እሱ ገና ነው።» መሬት ላይ ወደተቀመጠችው ሴትዮ ጠቆመ። «የሷ ልጅ ነው። እኛ ዘንድ የሰው ተራ ሌላ ሰው የሚነፋው ያ ሰው ሲሞት ነው። መሞቱ ሲታወቅ። እስከዚያ ተራው የራሱ ነው።»

እናትየው ተነስታ እየመጣች ነበር። መዳፏን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች፤ ብዙ ድምፅ አንድ ላይ ጮኸ፣ ደንግጣ አነሳችው። በአማርኛዋ ሁላችንም «አንቺ» ነበርን።

«ልጄ ሞተ?» አለችው። «ማን ነገረሽ አንቺ?»

«ኧረ እናቴ፣ በአላህ…» አለ ጓደኛዬ።

ዓይኗ ትከሻዬ ላይ ካለው ቴፕ ላይ አረፈ። ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ራዲዮ ነሽ። ራዲዮ ሁሉ ይሰማል። ልጄ ሞተ ብሏል?»

እንግዶቹ፣ ባለሆቴሏ፣ ተጫዋቾቹ፣ ሁሉም እኔን ያዩኝ ነበር። ሊያጽናናት የሚችል ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ይመጣል፣ አይዞሽ የሚል። ግን አላውቅም ነበር።

«አላለም» አልኳት። «ሞተ ተብሎ የተነገረ ነገር የለም። በሕይወት አለ ተብሎም አልተነገረም። እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ እናቴ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

የወረደውን ቶቧን አናቷ ላይ መለሰችው።

«እሺ። ካላወቅሽ ጥሩ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። ካላወቅሁ የምመልሰው ያንኑ ነው።

ጓደኛዬ የኪቦርዱን ገመድ መንቀል ጀመረ። አለቃው እጁን ያዘው።

«ወዴት ነው? ተቀመጥ። እጅህን ጭንህ ላይ አድርግና ስማ።» ወደ ተጫዋቾቹ ዞሮ በራሳቸው ቋንቋ ተናገረ፤ ቀጥሎ ለእኛ በአማርኛ፣ «ያ አልተነፋም። ከመጀመሪያ ነው» አለ።

ባለሆቴሏ ወደ ጓሮው «አጥፋው!» ብላ ጮኸች። ጄኔሬተሩ ተንገዳግዶ ዝም አለ። ምሽቶቹን ሁሉ ሲንደቀደቅ ኖሮ፣ ዝም ሲል ከተማዋ ሁሉ ቀለል ያለች መሰለኝ።

እንደገና ነፉ። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርታ፣ ውሃው ደርቆ የሚነሳውን አቧራ ሁሉ ወርቅ አድርጋዋለች። ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየተራመደ መጣ፣ መጣ፣ ከዚያች ቦታ ደረሰ። ባዶዋ ውስጥ የማንጎ ቅጠል ተሰማኝ። በመንገዱ የሚያልፍ ብስክሌት ደወል ተሰማኝ። የተጫዋቾቹ እግር ተሰማኝ፤ ከነሱ መሐል አንድ የማይታይ እግር አብሮ የሚረግጥ መሰለኝ። እናትየው ቆማ ነበር። አገጯን ቀና አደረገች።

እንግዶቹ የአዳራሹን ቡድን መረጡ። አንዱ መኪናው ውስጥ ሳይገባ በፊት፣ «ጥሩ ናቸው፣ ልምምድ ይቀራቸዋል» ሲል ሰምቻለሁ። ለአለቃው ስነግረው ሳቀ። «ደህና ነው» አለ። «እኛ እርሻ አለን።»

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ያችን ዜማ ሥራ ሲጀምር ሁልጊዜ ያስቀድማት ጀመር። ባዶዋ ቦታ ሲደርስ ጣቱን ከቁልፉ በላይ አንስቶ ይይዛል። ነገሩን የማያውቁ ጠጪዎች አሾፉበት።

«አንተ ወሎዬ፣ ጥርሱ ወለቀ እንዴ የኪቦርድህ?»

«ባለቤቱ ሲመጣ ይተከላል» ይላቸዋል።

በገበያ ቀን እናትየው ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ በሆቴሉ በር በኩል ታልፋለች። አትገባም። ከበሩ ውጪ ትቆማለች። ዜማው ዞሮ ባዶዋ ቦታ ሲደርስ ሰምታ፣ እንዳልተነካች አይታ፣ መንገዷን ትቀጥላለች። ጓደኛዬ የቢጫውን ቶብ ጫፍ በበሩ ክፍተት ካየ ዜማውን ከመጀመሪያ ይደግምላታል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

እኔ ወደ ግልገል በለስ ተዛወርኩ፤ ከዚያም ሌላ ቦታ፣ ከዚያም ሌላ። ጓደኛዬ አግብቶ ባምባሲ ሱቅ ከፈተ። ሆቴሉ ፎቅ ሆኗል። ማንጎዎቹ ግን አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ተጫዋቾቹ ሲጨርሱ ከበረንዳው ወርጄ፣ ያችን ድሮ ባዶ የነበረች ተራ ወደነፋው ወጣት ሄድኩ። ዙምባራውን ዘቅዝቆ ውሃውን ያራግፍ ነበር።

«የማን ተራ ነው የምትነፋው?» አልኩት።

«የአጎቴ» አለ። ቀና ብሎ ሽበቴን አየ። «አጎቴን ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ወሬ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም። አያቴ ናት የሰጠችኝ። ከመሞቷ በፊት ጠራችኝና፣ ‹እኔ አሁን እሄዳለሁ። እዚያ ካለ አገኘዋለሁ። ከሌለ በሕይወት አለ ማለት ነው። ያም ሆነ ይህ እኔ አውቃለሁ። አንተ ንፋ› አለችኝ።»

«መቼ አረፈች?»

«በክረምት። ማሽላው መሬት ላይ ነበር፣ እስኪነሳ ጠበቅን።»

በዙምባራው ውስጥ የቀረውን ውሃ አራገፈ። አሸዋው ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ቀረ።

ወደ ማታ ባምባሲ ለጓደኛዬ ደወልኩ። ከበስተኋላው ሬዲዮ ይሰማል፤ ቀነሰው። ያቺ ቦታ መሞላቷን ነገርኩት። ሬዲዮውን ጨርሶ አጠፋው።

«ወንድምዓለም» አለኝ። «ወሬ መጣ ማለት ነው?»

«አልመጣም» አልኩት።